የቢቸና ጃፓኖች

ስልኩ የጮኸው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው።

"እታለም" አለ ቶለሳ፣ ከሞጣ። ከዚያ ዝም አለ። ቶለሳ "እታለም" ብሎ ዝም ካለ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ መርዶ መንገር ዕድሜ ልኩን አልሆንለት ብሏል።

"ይመኙሻል ናት?" አልኩት።

"አዎ። ሊነጋጋ ሲል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ትደርሻለሽ?"

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ፣ አንድ ቀን ሞጣ ሄጄ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የምነግራትን ነገር ሳሰናዳ ኖሬያለሁ። ልብስ ሳጥብ አሰናዳለሁ፣ የተማሪ ደብተር ሳርም አሰናዳለሁ። ቃሉ እያማረ፣ እየጠነከረ፣ እየተሳለ ሄዶ ነበር። እሷ ግን እንደ ልማዷ ቀደመችኝ።

ቶለሳ ወንድሜ ነው። አንድ እናት አልወለደችንም፤ እሱ የወለጋ ልጅ ነው፣ እኔ የቢቸና። ወንድሜ ባይሆን ኖሮ ባሌ ይሆን ነበር። ወንድሜ ያደረገችው ይመኙሻል ናት።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ይመኙሻል በቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ነበረች። ቁስል ትጠርጋለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ በየገጠሩ በበቅሎ እየዞረች ፈንጣጣ ትከትባለች። የሞጣ ልጅ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ያላት፤ እጇ እሑድም ሳይቀር አልኮል አልኮል የሚል። ሕፃን ልትወጋ ስትል ተረት ትጀምራለች። ጅቡ አህያዋን እንዲህ አላት፣ አህያዋ እንዲህ ብላ መለሰች፤ ልጁ "ከዚያስ?" ሲል መርፌው ገብቶ ወጥቷል። ተረቱን ግን አትጨርስለትም። "ቀሪው ለሚቀጥለው መርፌ" ትላለች። የቢቸና ልጅ ሁሉ መጨረሻቸውን በማያውቃቸው ተረቶች ነው ያደገው።

እኔ በዚያው ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች፤ ከአባቴ ከባላምባራስ አድማሱ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከይመኙሻል ጋር የተዋወቅነው ተስቦ ይዞኝ ነው። ቤታችን ገብታ እስክድን ድረስ አልወጣችም። ፀጉሬን የላጨችው፣ ትኩሳቱ ሲያስለፈልፈኝ እጄን ይዛ ያደረችው እሷ ናት። አባቴ "ልጄን ሁለተኛ የወለደችልኝ" ይሏት ነበር። ምስጋናዬ ዕዳ መሆኑን ያወቅሁት ከዳንኩ በኋላ ነው።

ከዳንኩ በኋላ እንኳ እጄን አልለቀቀችም። ስታወራኝ ሁልጊዜ የእጄን አንጓ ይዛ፣ የልቤን ምት እያዳመጠች ነው። "ዛሬ ልብሽ እዚህ የለም፤ የት ሄዷል?" ትለኛለች። ከቤታችን ፊት ለፊት ቤት ተከራየች። ከአንድ ጣቃ ሁለት ቀሚስ አሰፍታ አንዱን ለእኔ አመጣች፤ ሌላ ቀሚስ የለበስኩ ቀን ሦስት ቀን ታኮርፋለች። ከደሴ ተመድባ የመጣች አልማዝ የምትባል አስተማሪ ነበረች፤ እሑድ እሑድ ከእሷ ጋር መዋል ስጀምር ይመኙሻል ጠርታ "ተስቦው ገና ከደሟ አልወጣም፤ ላንቺ ብዬ ነው" አለቻት። አልማዝ እስክትዛወር ድረስ ከሩቅ ነበር ሰላም የምትለኝ። ይህን ሰምቼ ብጮህባት ይመኙሻል ምንም አልመሰላትም።

"የወደደ አያማክርም፤ ያደርጋል" አለችኝ። የዘወትር ቃሏ ነው።

አባቴ እንኳ አንድ ቀን "ማርም ሲበዛ ይመራል፣ ልጄ" አሉኝ። እኔ ግን ሳቅሁ። መወደድ ደስ ይላል፤ በተለይ እናት የሌላትን።

አንድ ጥር ላይ ሲኒማ የሚያሳይ መኪና ቢቸና መጣ። ማታ ብርድ ነው ተብሎ በቀን፣ የትምህርት ቤቱ ትልቅ ክፍል መስኮቶች በብርድ ልብስና በጋቢ ተሸፍነው፣ ውጭ ጄኔሬተሩ እየተንተከተከ፣ ከተማው ሁሉ ተጠቅጥቆ ገባ። መጀመሪያ ጃንሆይ አየር ማረፊያ ላይ ሲቀበሏቸው አየን፤ አጨበጨብን። ከዚያ ባለ መኪናው "የሚቀጥለው የጃፓን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተሳስቶ ነው የመጣው። ድሃ ፊልም ነው፣ ብዙ አትጠብቁ" አለ።

በእርግጥም ድሃ ነበር። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ባለ ምንጣፍ ክፍል፣ ግቢው ውስጥ አንድ የውኃ ጉድጓድ። በቃ። ፈረስ የለ፣ ሰይፍ የለ፣ ከሁለቱ ሌላ ሰው ብቅ አይል። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንድ ሽማግሌ "እነዚህ ሴቶች ዘመድ የላቸውም እንዴ?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ይሄኔ ይመኙሻል ከጎኔ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋችና "ጸጥ በሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ" አለች።

ጃፓንኛ ቀርቶ እንግሊዝኛዋም ከመድኃኒት ስም አያልፍም። ግን አስተረጎመች። "ይቺ ቁመተ ረጅሟ፣ 'ከማን ነው ደብዳቤው?' ትላለች። ያቺ፣ 'ከማንም' ትላለች። ውሸቷን ነው፤ አንገቷን እዩት።" ሰው ጸጥ አለ። "አሁን ደግሞ 'ስትታመሚ ማን አስታመመሽ?' እያለቻት ነው።" ሴቶቹ ከንፈር መምጠጥ ጀመሩ። አጭሯ ጓዟን ስትቋጥር፣ ረጅሟ ወደ ደጃፍ ወጥታ የአጭሯን የእንጨት ጫማ አነሣችና ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው። አጭሯ መጣች፤ ጫማዋን ፈለገች፤ አጣች። በባዶ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆመች። ፊቷን አቅርበው አሳዩን፤ ከዚያ ሸራው ነጭ ሆነ። ፊልሙ አለቀ። የመጨረሻው ጥቅል አልመጣም አለ ሰውየው።

ጫጫታው አይጣል ነው። "ቀረች ወይስ ሄደች?" የማይል የለም። ሁሉም ወደ ይመኙሻል ዞረ።

"ቀረች" አለች ይመኙሻል፣ ሳታቅማማ። "ጫማ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?"

"እኛስ?" አሉ እኒያው ሽማግሌ፣ እግራቸውን ከፍ አድርገው። "ይኸው ከተወለድን በባዶ እግራችን አይደል የምንሄድ?"

ሳቅን፣ ተበተንን። እኔ ግን ነገሩ ከንክኖኝ እስከ ቤት ድረስ ተከራከርኳት። "ትሄዳለች! በባዶ እግሯ ትሄዳለች" እላታለሁ። አንጓዬን ያዘችና "አትሄድም፤ ልቧ ቀርቷል" አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ቢቸና ስማችንን ለወጠልን። አብረን ስናልፍ ልጆቹ "ጃፓኖቹ መጡ!" ይላሉ። እሷ ደስታዋን አልቻለችውም፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ አልከፋኝም።

ቶለሳ በዚያው ዓመት፣ ከሞጣ ተማሪዎች ይዞ ለስፖርት ውድድር መጣ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ትከሻው የሚስቅ። በሚሲዮን ያደገ፣ አባትና እናት የሌለው፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያላሰረ። እንዴት እንደተዋደድን ማውራት አልፈልግም፤ የኔ ጉዳይ ነው። ለይመኙሻልም አልነገርኳትም ነበር። አንድ ቀን አንጓዬን እንደያዘች የሞጣ አስተማሪዎችን ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመረች። የእሱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እሱ ነው" አለች። እጄን ለቀቀችው። በገዛ ፈቃዷ ስትለቀው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ቀናሁ አላለችም፤ አላኮረፈችም። ይልቁንም "እኔ አለሁልሽ" አለችኝ። ለክትባት ሞጣ በሄደች ቁጥር ደብዳቤ አደረሰች፣ አመጣች። በፖስታ ከላክን ለአባቴ ወሬ ይደርሳል፤ አባቴ ደግሞ ለባለ ማተብ ካልሆነ ልጃቸውን አይሰጡም። ስለዚህ አሳባችን ይህ ነበር፦ ቶለሳ ይጠመቃል፤ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ይህን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

እኔ ክረምቱን ለአስተማሪዎች ሥልጠና ባሕር ዳር ሄድኩ። ቶለሳ የክርስትናውን ትምህርት ተምሮ ጨርሶ ለይመኙሻል ደብዳቤ ጻፈላት፦ ክርስትና የሚያነሣኝ የተከበረ ሰው ፈልጊልኝ። እሷም መለሰችለት፦ የወዳጅህ አባት ቢያነሡህ ቤቱ ቤትህ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንግዳ ይልሃል? ቶለሳ ምን ያውቃል! የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ደስ አለው። ወደ አባቴ ደግሞ ሄዳ "ባላምባራስ፣ ወላጅ የሌለው የሰው አገር ልጅ ሊጠመቅ ነው፤ ጽድቁን ለሌላ አያሳልፉ" አለቻቸው። አባቴስ ምን ያውቃሉ! ወንድ ልጅ ሲመኙ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጳጉሜን ላይ ተመለስኩ። የጭነት መኪና አውርዶኝ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቤት ስገባ ቶለሳ ከአባቴ ጎን ተቀምጧል። አዲስ ማተብ አንገቱ ላይ። አባቴ ያጎርሱታል። አየኝና ትልቅ ገድል እንደሠራ ሰው ፊቱ በራ።

"ነይ ልጄ" አሉ አባቴ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "በስተርጅና ወንድ ልጅ ሰጠኝ። ክርስትና አነሣሁት። በይ፣ ወንድምሽን ሳሚ።"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ቢቸና ውስጥ የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ የክርስትና ልጅ ልጅ ነው፣ ከልጅ ጋር አይጋባም። ቶለሳን አየሁት፤ አያውቅም። ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

ሳምኩት። ሦስት ጊዜ፣ አባቴ እያዩ።

በማግሥቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ሳስረዳው ለረጅም ጊዜ አልገባውም። ሒሳብ ነውና ሙያው "መፍትሔ አለው" ይላል። ቄስ እንጠይቅ ይላል። ከዚያ ገባው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆመና "ወለጋ እንሂድ። እዚያ ማንም አያውቅም" አለኝ።

ያን ጊዜ መሄድ እችል ነበር። መንገዱ አለ፣ ደመወዝ አለን፣ እሱ አለ። ግን አባቴ ወንድ ልጅ አገኘሁ ብለው ለከተማው ሁሉ ጠላ አጠጥተዋል። ሁለት ልጆቼ ኮበለሉ፣ እርስ በርሳቸው ተጋቡ ሲባሉ በምን አንገታቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ? "አልችልም" አልኩት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ይመኙሻል መርፌ ትቀቅላለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

"አላወቅሁም በይ" አልኳት። ልመና ነበር። ብትዋሸኝ ኖሮ ምናልባት ይቅር እላት ነበር።

"አውቄ ነው" አለች።

"ለምን?"

"ሞጣ ልትሄጅብኝ ነው።"

"ሞጣ እኮ አገርሽ ነው! እናትሽ እዚያ ናቸው! ተዛውረሽ ልትመጭ ትችይ ነበር!"

"መጥቼ? በሰው ባል ቤት በር አንኳኩቼ፣ ውኃ ጠጥቼ ልመለስ?" ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። "አንች ስትድኝ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ። እኔ ስትታመሚ ነው የማውቅሽ፣ አስኑ። የወደደ…"

"ዝም በይ!" አልኳት።

አንጓዬን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። መነጨቅኋት። ድስቱ ውስጥ የሚፈላው ውኃ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብዙ ማለት ነበረብኝ፤ ወጣሁ።

ለማንም መናገር አልቻልኩም፤ የገረመኝም ያበሸቀኝም ይኸው ነው። ሰው ቢሰርቅ ትከሺዋለሽ፣ ቢማታ ትከሺዋለሽ። ይመኙሻል የሠራችው ግን ጽድቅ ነው። ሰው አስጠመቀች፣ ለሽማግሌ ልጅ ሰጠች። ከተማው መረቃት።

እኔም ከእሷ ተምሬ አንድ ጽድቅ ሠራሁ። ክሊኒኩን ወደሚያስተዳድረው ሰው ሄጄ "የይመኙሻል እናት በጠና ታመዋል፤ አፍራ ነው የማትጠይቅ፤ ሞጣ ብታዛውሯት ነፍሳችሁ ትጠቀማለች" አልኩት። ሴትየዋ ወገባቸውን ከማመም በቀር ምንም አልነበራቸውም። በኅዳር ተዛወረች። መኪና ላይ ስትወጣ በመስኮት አየኋት፤ በራችንን እያየች ነበር። አልወጣሁም። እኔን ቢቸና ለማስቀረት ብላ ያን ሁሉ አድርጋ፣ ራሷ ሞጣ ቀረች። እኔም እሷ እንዳለችው ቢቸና ቀረሁ። ማናችን እንዳሸነፍን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቶለሳ የሞጣ ልጅ አገባ። ሽማግሌ ሆነው የጠየቁለት አባቴ ናቸው። የሙሽራው እህት ነኝና እልል አልኩ። ድግሱ ላይ ይመኙሻል ከኋላዬ መጥታ፣ ሳላያት፣ አንጓዬን ያዘች። "ዛሬም ይሮጣል" አለችኝ በጆሮዬ። እጄን አስለቅቄ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልተነካካንም። እኔም በኋላ ደህና ሰው አግብቼ ወልጃለሁ፤ እሷ አላገባችም። የቶለሳን ሚስት ያዋለደቻት እሷ ናት፣ አራቱንም። ለሾፌር ሁሉ "ጃፓኗን ሰላም በልልኝ" ትላለች። ሾፌሮቹ ሳይገባቸው ያደርሳሉ። አንድም ቀን መልስ አልላክሁም። አባቴም ምንም ሳያውቁ፣ ራሳቸውን ቶለሳ ጉልበት ላይ እንዳሳረፉ አረፉ።

ታዲያ በዚያ ጠዋት ለምን ሄድኩ? እንጃ። ሚኒባስ ተሳፈርኩና ከቀብሩ በፊት ሞጣ ገባሁ። ቶለሳ በከዘራው ተደግፎ መናኸሪያ ጠበቀኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተኮልኩሏል፤ የፊተኛው ወንበር ግን ባዶ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ አንድ አዛውንት፣ መዝገባቸውን ገልጠው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ይመኙሻል። ባል የለም። ልጅ የለም። እናት ሞተዋል። እህት፣ መምህርት አስናቀች አድማሱ፣ ቢቸና" ብለው አነበቡ። ቀና አሉ። "እርስዎ ነዎት?"

"እህቷ አይደለሁም" አልኩ።

"እንዴት? ካስመዘገበች ስንት ዘመኗ! እህት አለኝ ስትል የማያውቅ ሞጣ ውስጥ የለም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሜቴ፣ እርስዎ ካልተቀመጡ እኮ ሐዘን የሚቀበልላት የለም። ይህ ሁሉ ሰው ማንን ያጽና?"

ቶለሳን አየሁት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። "እኔን እንዳደረገችኝ አደረገችሽ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ዝም በል" አልኩት። ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ሲለኝ "አሜን" አልኩ። አርባ ዓመት ያሰናዳሁትን ነገር እንደያዝኩ፣ አሜን አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን ደጃፍ ላይ አውልቄ ገባሁ። ፍትሐቱ አልቆ ስወጣ ጫማዬ የለም። ጥቁር ጫማ ሁሉ አንድ ነው፤ አንዷ ተሳስታ አጥልቃ ሄዳለች። ቶለሳ እያጎነበሰ በከዘራው ይፈልጋል። ሬሳው ወደ መቃብሩ ተነሣ፤ ሰው አለፈ፤ እኔ ደጃፉ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ።

ጫማ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?

"ተወው" አልኩትና ሄድኩ። ጠጠሩ ወጋኝ፣ እርጥብ ሣር ረገጥኩ፣ ሄድኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"እህቷ ናት። አየሽ፣ ከሐዘኗ ብዛት ጫማ እንኳ አላደረገችም።"

"ወይ እህትማማችነት! እንዲህ ነው እንጅ።"

ዞሬ ልጮህባቸው ፈለግሁ። ቁጭ አድርጌ ከፊልሙ ጀምሬ ሁሉንም ልነግራቸው ፈለግሁ። ግን ሳጥኑ ይወርዳል፤ ካህኑ አፈር ያነሣሉ፤ ያ ሁሉ የተሳለ ቃል ደግሞ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ የመጣልኝን ብቻ አልኳት።

"ይኸው። በባዶ እግርም ይኬዳል።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቶለሳ ክንዴን ያዘኝ።

"ቀስ በይ፣ እታለም" አለኝ። "እሾህ አለ።"